የሰፈር ቡድን ለምትመሩ፦ ሰው፣ ገንዘብ፣ ሜዳና አሰልጣኝ ስትመርጡ

የሰፈር ቡድን የሚፈርሰው ብር ሲያልቅ ይመስለናል። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ የፈረሱት ግን ሰው ሲያልቅ ነው። ኳስ የሚገዛው፣ ሜዳ የሚያስፈቅደው፣ እሁድ ጠዋት ልጆቹን በስልክ የሚቀሰቅሰው፣ መዋጮ የሚሰበስበው ያው አንድ ሰው ነው። እሱ ሥራ ይቀይራል፣ ትዳር ይይዛል፣ ወይ ኮንዶሚኒየም ይደርሰውና የካ አባዶ ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ማልያዎቹ የታጨቁበት ማዳበሪያ ማን ቤት እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል።

ስለዚህ አማራጮችን ሳነጻጽር መጀመሪያ የማየው ዋጋውን አይደለም። ዋናው ሰው ነገ ባይኖር ነገሩ ይቀጥላል ወይ? መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። ርካሽነቱና ጥራቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

የምጽፈው በዋናነት ስለ አዲስ አበባ የሰፈር እግር ኳስ ቡድኖች ነው። ቮሊቦልም ይሁን ሩጫ፣ ክፍለ ሀገርም ይሁን ውጭ አገር፣ ብዙው ነገር ይመሳሰላል።

ሥራውን ማን ይያዘው?

ሦስት ዓይነት አሠራር አይቻለሁ። አንደኛው ሁሉን የሚወስንና ሁሉን የሚሠራ አንድ ሰው ያለበት ነው። ፈጣን ነው፤ ለማንኛውም ነገር አንድ ስልክ ይበቃል። ሁለተኛው ትልቅ ኮሚቴ ነው፤ ሰብሳቢ፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ኦዲተር፣ አባላት። ወረቀት ላይ ያምራል፤ ስብሰባው ግን አይሞላም፣ ኳስ ለመግዛትም ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ሦስተኛው ሦስት ወይም አራት ሰው ሆኖ፣ እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ የሚይዝበት ነው። አንዱ ሜዳ፣ አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ ዕቃ፣ አንዱ ከወላጆችና ከሌሎች ቡድኖች ጋር መነጋገር።

እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ፣ አንድ ነገር ጨምሬ። እያንዳንዱ ሥራ ተለማማጅ ይኑረው። ሜዳ የሚያስፈቅደው ሰው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ አንድ ልጅ ይዞ ይሂድ። ጥበቃው የልጁን ፊት ይልመደው፣ ርዕሰ መምህሩም ስልኩን ይያዝ። የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ለዚህ በጣም ጎበዞች ናቸው። አደራ ሲሰጣቸው ኩራት ይሰማቸዋል፣ ቶሎም ከቡድኑ አይርቁም።

ሌላው የጊዜ ገደብ ነው። በነፃ የሚያገለግል ሰው የሚደክመው በሥራው ብዛት ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚያበቃ ስለማያውቅም ነው። «እስከ መስከረም ገንዘብ ያዥ ሁንልን» ሲባል እሺ የሚል ሰው፣ «ገንዘብ ያዥ ሁንልን» ብቻ ሲባል ይሸሻል። መስከረም ጥሩ ማብቂያ ነው። ዓመት ይለወጣል፣ ትምህርት ይጀመራል፣ የክረምት ውድድርም አልቋል።

ወላጆችንም እንዲሁ። «እርዱን» ብትሏቸው ሁሉም እሺ ይላሉ፣ ማንም አይመጣም። «እትዬ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘውልን ይምጡ» ስትሏቸው ግን ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ ዳቦም ጨምረው።

ገንዘብ፦ መዋጮ፣ ስፖንሰር ወይስ አንድ ደግ ሰው?

ከየት እናምጣ ከማለታችሁ በፊት ወጪያችሁን ሁለት ቦታ ክፈሉት። በየወሩ የሚመጣ ወጪ አለ፦ የሜዳ ኪራይ፣ ውሃ፣ የአሰልጣኝ ትራንስፖርት፣ የዳኛ አበል። በዓመት አንዴ ወይም በሁለት ዓመት አንዴ የሚመጣም አለ፦ ማልያ፣ መረብ፣ የጎል ብረት፣ የውድድር መመዝገቢያ። ይህ ክፍፍል ካለ የገንዘብ ምንጭ መምረጡ በጣም ይቀላል። ወርኃዊ ወጪን ወርኃዊ ገቢ ይሸፍነው። ድንገት የሚመጣ ብር ለአንድ ጊዜ ወጪ ይዋል። ብዙ ቡድን የሚቸገረው ይህን ገልብጦ ነው፤ ስፖንሰር የሰጠውን ብር ሜዳ ይከራይበታል፣ ብሩ ሲያልቅ ልምምዱም ይቆማል።

መዋጮ ትንሽ ነው፣ ግን የራሳችሁ ነው። ስታሰሉት ግን ሁሉም ይከፍላል ብላችሁ አታስሉ። ለምሳሌ 25 ሥራ ያላቸው አባላት በወር 200 ብር ለማዋጣት ቢስማሙ ወረቀት ላይ 5,000 ብር ነው። ዕቅዱን በ15 ሰው፣ በ3,000 ብር አውጡት። የቀሩት ከከፈሉ ለመጠባበቂያ ይሁን። መክፈል የማይችል ተማሪ ደግሞ በፍጹም በብር ምክንያት አይቀመጥ። ሜዳው ላይ የኖራ መስመር ያስምር፣ ኳሶቹን ይንፋ፣ መረብ ይስቀል። ይህ ውለታ አይባልም፤ መዋጮው ነው፣ መዝገቡም ላይ እንደ ክፍያ ይጻፍለት።

ስፖንሰር ሲባል ብዙ ሰው ባንክና ቴሌ ያስባል። ለሰፈር ቡድን የሚሻለው የሰፈር ንግድ ነው፦ ዳቦ ቤቱ፣ ካፌው፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ፣ ፋርማሲው። ባለቤቶቹ ልጆቹን በዓይን ያውቋቸዋል፣ አንዳንዱም የራሱ ልጅ ይጫወታል። ጥሬ ብር ከምትጠይቁ ዕቃ ጠይቁ። «15 ማልያ ያሳትሙልን፣ የቤትዎ ስም ደረቱ ላይ ይሆናል» ማለት ለሰጪውም ይቀላል፣ ሐሜትም አያመጣም። ከፍ ያለ ድርጅት ጋ ስትሄዱ ግን ማህተም ያለው ደብዳቤና ደረሰኝ ይጠይቃችኋል። እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የልጆች ቡድን ከሆነ ግሮሰሪና የስፖርት ውርርድ ቤት የሚሰጡትን አልቀበልም። ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። መጠጡን ልንሸጥለት የማይገባንን ልጅ የመጠጥ ቤቱን ስም ደረቱ ላይ አስለጥፈን ልናሯሩጠው አይገባም። ውርርዱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ልጆቹ ጨዋታውን የሚወዱበትን ምክንያት ከሥሩ ይቀይርባቸዋል።

ሦስተኛው አንድ ደግ ሰው ነው። እዚያው ሰፈር አድጎ አሜሪካ ወይ ዱባይ የሚኖር፣ ወይ እዚሁ ያለው። በአንድ ስልክ ሙሉ ማልያ ይመጣል። እግዜር ይስጠው። ችግሩ ሁሉም ነገር እሱ ላይ ሲንጠለጠል ነው። አንድ ዓመት ሳይመቸው ሲቀር ቡድኑ ይቆማል፤ ሲመቸው ደግሞ ማን እንደሚሰለፍ መወሰን ይጀምራል። የእሱን ብር ለሚቆይ ነገር ብቻ ተጠቀሙበት። ማልያ፣ ጎል፣ መረብ፣ የሕክምና ሳጥን። ምን እንደተገዛ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። ወርኃዊውን ለራሳችሁ ተዉት።

ውድድር አዘጋጅቶ ገቢ ማግኘትም አለ። ክረምት ላይ በየሰፈሩ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ቡድኖች መመዝገቢያ ይከፍላሉ፣ አሸናፊው ዋንጫ፣ በግ ወይም ሰንጋ ይወስዳል። ትርፍ አለው፣ ቲፎዞም ያመጣል። ኪሳራም ሊያመጣ ይችላል። ሰንጋ ብላችሁ ለጥፋችሁ 16 ቡድን ስትጠብቁ 9 ቢመዘገብ ልዩነቱ ከእናንተ ኪስ ነው። ስለዚህ ሽልማቱን ከምዝገባ በኋላ አሳውቁ፣ ወይም ከተሰበሰበው ብር ግማሹ ለሽልማት ብላችሁ ቁረጡት። የዕድሜ ጣሪያ፣ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ ተጫዋች፣ አቤቱታ እስከ መቼ እንደሚቀርብ፣ እነዚህን ሦስቱን ጽፋችሁ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አስፈርሙ። የክረምት ጠብ ሁሉ የሚነሳው ከእነዚህ ነው። ድንኳንና ወንበር አትከራዩ፤ የሰፈሩን ዕድር ጠይቁ። ቶምቦላ ለማውጣት ካሰባችሁ ግን ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለትንሽ ቡድን ጣጣው ከትርፉ ይበልጣል።

ብሩ የት ይቀመጥ?

ይሄን አጭር ላድርገው። ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ብር በጣም ታማኝ የሆነውንም ሰው ያሳማዋል። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ መዋጮ መሰብሰብ በጣም ቀሏል፤ ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደከፈለ በመልእክት ይገኛል። ግን አካውንቱ የአንድ ሰው ነው፣ ስልኩም የእሱ ነው። የባንክ የጋራ ሂሳብ ደግሞ ሁለት ሰው ሳይፈርም አይወጣም፣ ለዕለት ወጪ ግን ይከብዳል።

ሁለቱን አጣምሩ። በቴሌብር ሰብስቡ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ጋራ ሂሳቡ አስገቡ። ወር ሲያልቅ የገባውንና የወጣውን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጥፉ፤ የእጅ ጽሑፍ ፎቶም ይበቃል። ገንዘብ የሚይዘውና ዕቃ የሚገዛው አንድ ሰው አይሁን። ይህ ሰውን ከመጠርጠር የመጣ አይደለም። በነፃ የሚለፋን ሰው ስም ለመጠበቅ ነው።

ሜዳ፦ ትምህርት ቤት፣ ባዶ ቦታ ወይስ የሰዓት ኪራይ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሜዳ ይዞ መቆየት ከባድ ነው። ጃን ሜዳን የሚያህል ቦታ እንኳ በ2012 በኮሮና ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ሲዛወርበት ለወራት ከስፖርት ውጪ ሆኗል። በሰፈር ያለው ባዶ ቦታማ አንድ ጠዋት ቆርቆሮ ታጥሮ ይገኛል። ስለዚህ የትኛውንም ስትመርጡ ሁለተኛ ቦታ አስቡ።

ባዶ ቦታ ነፃ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ማንንም ማስፈቀድ ላያስፈልግ ይችላል። ለትንንሽ ልጆች ከዚህ የሚሻል የለም፤ ከቤታቸው ደጃፍ ነው። እዚያ ላይ ግን ገንዘብ አታፍስሱ። የጎል ብረት በሲሚንቶ አትትከሉ፤ ተነቃይ አሠሩ። ስትነሱ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

የትምህርት ቤት ሜዳ ለእኔ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። አጥር አለው፣ ኳስ መኪና መንገድ ላይ አይገባም፣ ብዙ ጊዜ ውሃና መጸዳጃ አለ። ቅዳሜና እሁድ፣ እንዲሁም ክረምቱን በሙሉ ባዶ ነው። ኪራዩም ወይ የለም ወይ ትንሽ ነው። ድክመቱ ስምምነቱ የቃል መሆኑ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሲቀየር አዲሱ አያውቃችሁም፣ ጥበቃውም በሩን አይከፍትም። መድኃኒቱ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ቀንና ሰዓቱ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ የተሰበረ መስኮት ማን እንደሚያስጠግን፣ ቡድኑ በምላሹ ምን እንደሚሰጥ። ይህን መጨረሻውን አትርሱ። መረብ ስቀሉላቸው፣ መስመር አስምሩላቸው፣ የትምህርት ቤቱን ልጆች በልምምዱ አካቱ። የሚጠቅመውን ቡድን የሚያባርር ትምህርት ቤት አላየሁም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ አርቴፊሻል ሳር የለበሱ ትናንሽ ሜዳዎች በየቦታው ተሠርተዋል። ክረምት ላይ ጭቃ የለም፣ ብዙዎቹ መብራት ስላላቸው ከሥራ በኋላም ይቻላል። የሥራ ሰው ለሆኑ ቡድኖች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሂሳቡን ሥሩ። ሰዓቱ 1,500 ብር ነው እንበል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትጫወቱ በአራት ሳምንት 12,000 ብር ነው። ከላይ ያሰብነው የ3,000 ብር መዋጮ ሩቡን ብቻ ይሸፍናል። ከሌላ ቡድን ጋር ሰዓቱን ብትጋሩት ግማሽ ይሆናል፣ ያም ቢሆን 6,000 ነው።

ደግሞ ጨዋታውም ይለያል። በእግር ኳስ ሕግ ሙሉ ሜዳ ርዝመቱ ከ90 እስከ 120 ሜትር ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚሆን የፉትሳል (አምስት ለአምስት የሚደረግ ኳስ) ሜዳ ግን ከ38 እስከ 42 ሜትር ነው፤ የኪራይ ሜዳዎቹ ወደዚህ ይጠጋሉ። ጠባብ ቦታ ላይ ኳስ መቆጣጠርና ፈጣን ቅብብል በደንብ ይለመዳል። ረጅም ኳስ፣ የማዕዘን ምት፣ ኦፍሳይድ ግን አይለመድም። ዓመቱን ሙሉ እዚያ የተለማመደ ቡድን ሙሉ ሜዳ ላይ ሲወጣ በ60ኛው ደቂቃ እግሩ ይታሰራል። ጫማውም ሌላ ነው፤ የብረት ጥርስ ያለው ታኬታ ሳሩን ስለሚቀድ አያስገቡበትም።

እንግዲህ የኔ ምርጫ ይህ ነው፦ በጋውን ትምህርት ቤት፣ ዝናቡ ሲጠና በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ኪራይ። ልጆች ብቻ ከሆኑ ኪራዩ ይቅር፤ ልጅ በጭቃም ይጫወታል።

አሰልጣኝ፦ የቀድሞ ተጫዋች፣ መምህር ወይስ የሚከፈለው?

የቀድሞ ተጫዋች ወጣቶቹ ይሰሙታል። ጨዋታውን ያውቃል፣ ስሙም ሰው ይስባል። ብዙዎቹ ግን እንጀራ ፍለጋ ላይ ናቸው፤ ሥራ ሲገኝ መቅረት ይመጣል። ማሸነፍም ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ደካማው ልጅ ወንበር ላይ ይከርማል።

ለልጆችና ለታዳጊዎች እኔ የስፖርት መምህር አስበልጣለሁ። የአርሲዋን በቆጂ አስቡ። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። መምህር ልጁን በሳምንት አንዴ ብቻ አይደለም የሚያየው። ቁርስ ሳይበላ የመጣውን ያውቃል፣ ከትምህርት የቀረውን ያውቃል፣ ወላጁን አስጠርቶ ማነጋገር ይችላል። የዕድሜውን ልክም ያውቃል፤ የ10 ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው ልምምድ አያሠራም።

ሙሉ ደመወዝ መክፈል ለሰፈር ቡድን አይሆንም ባይ ነኝ። የትራንስፖርትና የስልክ መሸፈን ግን ተገቢ ነው። በነፃ ይሥራ ተብሎ ታክሲውንም ከኪሱ የሚከፍል ሰው ብዙ አይቆይም። መጠኑን ሁሉም ይወቀው። ድብቅ ሲሆን ነው ሌሎቹ በነፃ የሚሠሩት የሚከፋቸው።

ማንንም ብትመርጡ ረዳት ይኑረው። ሁለት ሰው የሚያስፈልገው አንዱ ሲቀር ልምምዱ እንዳይቀር ብቻ አይደለም። አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጆች ጋር መልበሻ ክፍል ውስጥም፣ ጉዞ ላይም መሆን የለበትም። ይህ በማን ላይም ጥርጣሬ ስላለ አይደለም፤ ለሁሉም የሚሠራ ደንብ ይሁን። የወላጆች ስልክ ዝርዝር በሁለቱም እጅ ይኑር። የሴቶች ቡድን ካላችሁ ከአመራሩ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፣ ልምምዱም ሳይመሽ ይለቅ። ብዙ ሴት ልጆች ኳስ የሚያቆሙት ስላልቻሉ አይደለም፤ ወደ ቤት የሚመለሱበት መንገድ ስለሚያሰጋ ነው።

ማልያና ኳስ

እዚህ ብዙ የሚመረጥ የለም። አንድ ጥሩ የጨዋታ ኳስ፣ ብዙ መካከለኛ የልምምድ ኳስ። ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉት 4 ቁጥር፣ ከዚያ በላይ 5 ቁጥር። ማልያው ከጨዋታ በኋላ ተቆጥሮ ይሰብሰብ እንጂ ቤት አይሂድ፤ ቤት የሄደ ማልያ ሠርግ ላይም ይለበሳል። ማጠቡ በተራ ይሁን። ቁጥሩና የያዘው ሰው ስም ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ደብተሩም ከማዳበሪያው ጋር ሳይሆን ሌላ ሰው ጋ ይቀመጥ።

መመዝገብ ያስፈልጋል?

ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ በ1928 ሲጀምር የአራዳ ልጆች ቡድን ነበር። ስለዚህ ወረቀት የለንም ብላችሁ አትቆሙ። ግን ሦስቱን ደረጃ ለዩ።

ምንም ሳይመዘገቡ መጫወት ይቻላል። በዚህ ደረጃ የሚያስፈልገው የተፈረመ አንድ ገጽ መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ማን ምን ይሠራል፣ ብሩ እንዴት ይወጣል፣ ቡድኑ ቢፈርስ ዕቃው ለማን ይሰጣል። ቀጥሎ ወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መታወቅ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የምታገኙት፣ የወረዳና የክፍለ ከተማ ውድድር ሲኖር የምትጠሩት ከዚያ ነው። ለአብዛኛው ቡድን እዚህ ላይ ማቆም ይበቃል።

ሦስተኛው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማኅበር ሆኖ መመዝገብ ነው። መሥራች አባላት ቢያንስ አምስት መሆን አለባቸው፣ ጠቅላላ ጉባኤ የበላይ አካል ይሆናል፣ ዓመታዊ ሪፖርት ይቀርባል። ያኔ በራሱ ስም ሂሳብ ይኖረዋል፣ ማህተም ይኖረዋል፣ ትልልቅ ድርጅቶችንም መጠየቅ ይችላል። በምላሹ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል፣ ያ ሰው ደግሞ ከልምምድ የሚወሰድ ሰው ነው። 20 ልጅ ላለው ቡድን አልመክርም። ሦስት የዕድሜ እርከን ሲኖራችሁና ቋሚ ስፖንሰር ደብዳቤ ሲጠይቃችሁ ግን አትዘግዩ።

ውጭ አገር ያላችሁ በዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥባችኋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ የሚያገናኛቸው የየከተማው ቡድኖች አብዛኞቹ እንደኛው በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው። እዚያ ግን የከተማ መናፈሻ ሜዳ ለማግኘት ፈቃድ፣ ብዙ ቦታም የመድን ወረቀት ይጠየቃል። ስለዚህ ምዝገባውን ከሜዳው በፊት ጨርሱ።

ለዘንድሮ ክረምት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ጊዜው እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሚያዝያ ላይ አስገቡ፤ ሰኔ ላይ ርዕሰ መምህሩ ፈተና ላይ ነው፣ አያነጋግራችሁም። ስፖንሰር ግንቦት ላይ ጠይቁ፣ ማልያ ለማሳተም ጊዜ እንዲኖር። የኪራይ ሜዳ የምትፈልጉ ከሆነ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ሰዓት ያዙ፤ ከተዘጋ በኋላ የሚተርፈው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ልጅ ይዞ መውጣት አይሆንም።